ቅድስት ማሪናን ያስታጠቀው ፈትል

አቴንስ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1988

አገኘኋት! ሊጎሪስ፣ አገኘኋት! ቤተ ክርስቲያናችን ቅድስት ማሪና አልጠፋችም! ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀን ኖራለች፤ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት በአጠገቧ መጥረጊያዬን እየጎተትሁ አልፍ ነበር። ጉድ በል!

በል አሁን ሰላምታ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ጉልበትህ ተሻለህ? ሚስትህስ ፍሮሶ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። ባሌ ኒኬታስ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወጥ ቤት እየገባ ድስት ይከፍትብኛል። «ጨው ያንሰዋል» ይላል። «ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ ማን ጨምሮልህ ነው የበላኸው?» ስለው ክዳኑን መልሶ ወጣ። እማም ደህና ናት፤ አሁንም ያው መንደራችን ሊታሪ፣ ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ በሰጧት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ናት። እኛ ጋ ነይ ስንላት «መንደሩን ለማን ልተውለት? ለፍየሎቹ?» ትለናለች።

ባለፈው በስልክ «የፈረሰ ፈርሷል፣ ወረቀት ምን ይፈይዳል?» ያልከኝን አልረሳሁም። መስመሩ ስለተቆረጠ ነው እንጂ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ይኸውልህ። በሰማንያ ስድስት ቤተ ክርስቲያኗ ስትወድቅ ቁስለኞቹን ለማውጣት የወታደሩ ቡልዶዘር መንገድ ሊከፍት መጣ፤ ድንጋዩንም መሠረቱንም ጠርጎ ገደል ሰደደው። ሰው ማዳን ነበረበት፣ አንፈርድበትም። ግን ቆማ የነበረችበት ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው፤ የሚለካ ነገር የለም። የቅርስ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ደግሞ ለመንደሩ የጻፈው ቁርጥ ያለ ነው፦ የስምንት መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን በግምት አይሠራም። እንዴት እንደነበረች የሚያሳይ የተለካ ማስረጃ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ካልቀረበ ቦታው በሽቦ ይታጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የሚያኖር አይኖርም። እማ ይህን ስትሰማ ምን አለች መሰለህ? «እንግዲህ የኔ ፍትሐት ከሽቦ ውጭ ሊሆን ነዋ!»

እንዴት እንዳገኘኋት ልንገርህ። ማክሰኞ ዕለት መሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት ቧንቧ ፈነዳ። ወይዘሮ ኤቫንቲያ፣ የመዛግብቱ ኃላፊያችን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ስታማታ! መወልወያውን ተይውና እጅሽን አድርቀሽ ነይ!» አለችኝ። እዚያ የሚቀመጠውን ታውቃለህ፤ በአያቶቻችን ዘመን እንግሊዞች በበቅሎ አገራችንን እየዞሩ፣ ከቢዛንታይን ነገሥታት ጊዜ የቀሩትን አብያተ ክርስቲያናት እየለኩ የሳሏቸው ንድፎች ናቸው። ውኃው የደረሰው «ያልታወቁ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት መሳቢያ ጋ ነበር። አንድ በአንድ እያወጣን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋን። አምስተኛውን ስዘረጋ አወቅኋት።

የምዕራቡ በር። ከበሩ በላይ ሁለቱ ጣዎሶች። ሊጎሪስ፣ ሁለቱም ጭንቅላት አላቸው! የግራዋ ፊት ምን እንደሚመስል በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ገና አየሁ። እማ እስከ ዛሬ «ጣሊያኖች ናቸው የሰበሯት» ትላለች። በዘጠኝ ዓመቱ ወንጭፍ ይዞ ማን እንደሰበራት እኔና አንተ እናውቃለን፤ አልተናገርኩም፣ አልናገርምም።

«ወይዘሮ ኤቫንቲያ፣ ይቺ የኛ ናት» አልኳት።

«የማን?»

«የሊታሪ። ቅድስት ማሪና።»

«አምና የቆጵሮሷንም የኛ ናት ብለሽ አልቅሰሽ ነበር።»

«ያኔ መነጽር አልነበረኝማ!»

ሳቀች፤ ግን ቀረብ ብላ አየች። የቤተ ክርስቲያኗ ስም የተጻፈበትን ጥግ አይጥ በልቶታል። የቀረው የእንግሊዙ ስምና ዓመቱ ብቻ ነው፣ 1909። «ጣዎስ በግማሹ የፔሎፖኔዝ በር ላይ አለ፤ ለመሐንዲሱ ጣዎስ አይበቃውም» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከግድግዳው ጎን የተጻፉትን ቁጥሮች አየሁ። «እውነትዎን ነው፣ የኛ አይደለችም። የኛ እንዲህ ትልቅ አልነበረችም፤ ይሄ እኮ የባቡር ጣቢያ ነው» ስላት ሳቋን መያዝ አቃታት። ለካ እንግሊዙ የለካው በጫማ ነው! እኔ ሜትር መስሎኝ።

ስለዚህ የሚያስፈልገን ቤተ ክርስቲያኗ ቆማ ሳለች ሌላ ሰው የለካው ልኬት ነው። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ይቺ የኛ መሆኗን መሐንዲሱም አይክድም። ግን ማን ለክቷት ያውቃል? ይህን እያብሰለሰልሁ በአውቶቡስ ስሄድ በድንገት ትዝ አለኝና «እናቴ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

እማ ለክታታለች፣ ሊጎሪስ። አንተ በአራት ዓመትህ ጉሮሮህ ተዘግቶ ሐኪሙ ተስፋ ቆርጦ እጁን ሲያጥብ፣ ጥጥ ፈትላ፣ በሰም ነክራ እንደ ጧፍ አድርጋ፣ ቤተ ክርስቲያኗን ዙሪያዋን ያስታጠቀቻት የስለት ፈትል! በየማዕዘኑ ቋጠሮ ቋጥራለች፤ «ማሪና፣ አንቺ ማዕዘኑን ያዢ፣ እኔ ልጄን ልያዝ» እያለች። ስትድንላት የምዕራቡን ወገን ቆርጣ ለምስጋና አበራችው። የቀረውን አንተ ወደ ሜልቦርን መርከብ ስትሳፈር እማ ኪስህ ውስጥ ስትከተው እኔ ቆሜ አይቻለሁ።

ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ለካው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ልነግርህ አልችልም። ወይዘሮ ኤቫንቲያ «ሳያውቅ ይለካ፤ አውቆ ከለካ ማስረጃ አይሆንም» ብላ በቅድስቲቱ ስም አስምላኛለች። ምላሴን ነክሼ ነው የምጽፍልህ፤ ለኔ ይህ ምን ያህል ጾም እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ለካና ፈትሉንም ከልኬቱ ጋር ላክልኝ።

እህትህ ስታማታ


ሜልቦርን፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1988

ለእህቴ ለስታማታ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለጤናችሁ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ደህና ነን። እዚህ ሙቀቱ ገብቷል። ጉልበቴ እንደነበረው ነው።

ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ። ሥራ በዛ። ለማሪና በዓል ለምን እንዳልደወልኩ ጠይቀሽኝ ነበር። መስመሩ ተጨናንቆ ነው።

ስለ ፈትሉ፣ ቤት ስንቀይር ብዙ ዕቃ ጠፍቷል። እፈልጋለሁ፤ አንቺ ግን ተስፋ አታድርጊ። ወይዘሮ ኤቫንቲያ የተማረች ሴት ናት፣ ሌላ መላ አታጣም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወረቀቱ ላይ ጣሪያው ይታያል? ውስጧስ ተስሏል?

እማን ሳሚልኝ። ጣዎሷን የሰበሯት ጣሊያኖች ናቸው።

ወንድምሽ ሊጎሪስ

ስታማታ፣ ፍሮሶ ነኝ። ቴምብር ልለጥፍበት ብዬ ተቀብዬው ነው። ፈትሉ አልጠፋም። መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ፣ ከቱንቢው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ደብዳቤሽ ከመጣ ወዲህ ሳጥኑን እየከፈተ መልሶ ይዘጋዋል። ምን እንደሆነ ለኔም አይነግረኝም። እኔ ነኝ ያልኩሽ እንዳትይ።


አቴንስ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 1988

ወንድሜ ሊጎሪስ፣

እንኳን ለጌታችን ልደት አደረሳችሁ። የላክሁላችሁ የበዓል ቂጣ፣ ላላጊው፣ ተሰባብሮ ከደረሰ ፍርፋሪውን በማር ብሉት፤ ዘይቱ ውስጥ ስጠብሰው ደህና ነበር፣ ያሸገው ኒኬታስ ነው።

ፈትሉ ጠፋ ላልከኝ፣ ቅድስት ማሪና በሕልሜ መጥታ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ከቱንቢው ሥር ይፈልግ» ብላኛለች። ቅዱሳን ምን ይሳናቸዋል? አንተ በሃምሳ አራት ዓመት ዕድሜህ አንድ ምስማር ጠፍቶብህ አያውቅም። የእናትህ ስለት ጠፋብኝ ስትል ማን ይመንህ?

አሁን ቀልዱን ልተው። ጣሪያው ይታያል። በሸክላ የተከደነ ነው፣ በሸክላው መሃል ሣር በቅሎበታል፤ እንግሊዙ ሣሩን እንኳ ሳይስል አላለፈም። ውስጧም ተስሏል፤ ጉልላቱ፣ ሁለቱ ዓምዶች፣ የመብራቱ ሰንሰለት ሳይቀር። የሲሚንቶ ሶሌታ የለም። ለምን እንደጠየቅኸኝ ስለማውቅ ነው በግልጽ የምጽፍልህ።

በስልሳ አራት በመኸር ሸክላውን አውርደህ ሶሌታ ስታፈስ እኔም ውኃ ተሸክሜያለሁ። መንደሩ ሁሉ አሸዋ አመላልሷል። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ውኃው በቅዱሳኑ ፊት ላይ ይወርድ ነበር። አንተ ልትሄድ ነበርና ለቅድስቲቱ ስጦታ ትተህላት መሄድ ፈለግህ። በዚያ ዘመን ሲሚንቶ ማለት ትልቅ ነገር ነበር፤ «እንደ ከተማ ሆነችልን» ብለን ነበር። የእንጨት ካሳፎርማው ሲፈታ ደወሉን እየተሻማን ደውለናል። ረሳኸው?

ባለፈው እሑድ ደውለህ «መንደሩ ምን ይላል?» ብለህ የጠየቅኸኝን ሳስበው ሰነበትሁ። ማንም ምንም አይልም ብዬ አልዋሽህም። ኮስታንዲስ ወይራ መጭመቂያው ጋ ሰው ሰብስቦ «ሶሌታው ነው የጣላት» ብሏል። እማ ለካ ከኋላው ቆማለች። ዱላዋን አነሳችበት። «አንተ! ያኔ አንድ ቁና አሸዋ ተሸክመህ ስምንት ላላጊ የበላኸው! አሁን መሐንዲስ ሆንክ?» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም አሉኝ። ወደ ቤቷ ስትሄድ ለማንም ደህና ዋሉ አላለችም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ በቀይ እርሳስ የተሰመረ አንድ መስመር አለ። ከጎኑ እንግሊዙ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፎበታል፤ ወይዘሮ ኤቫንቲያ ተርጉማልኛለች። ምን እንደሚል አሁን አልነግርህም። መጀመሪያ እማን መጠየቅ አለብኝ። እንደምታውቀኝ ወሬ ይዤ ማደር አልችልም፤ ይኼኛውን ግን ይዤ አድሬበታለሁ። ክፉ ነው ብለህ አትጨነቅ። መልካም ነውም አልልህም።

ፌብሩዋሪ ቅርብ ነው፣ ወንድሜ። ፈትሉን ለካው።

ስታማታ


ሜልቦርን፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1989

እህቴ ስታማታ፣

ፈትሉን ለካሁት። ጓሮ ሣሩ ላይ ዘረጋሁት፤ ፍሮሶ ጫፉን ያዘችልኝ።

ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ ሁለተኛው፣ ሰባት ሜትር ከሃምሳ ስምንት።
ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው፣ የመቅደሱን ክብ ዞሮ፣ ስድስት ሜትር ከሰባት።
ከሦስተኛው እስከ አራተኛው፣ ሰባት ሜትር ከአሥራ ሁለት።

ከዚያ በኋላ የተቆረጠ ነው። ሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች እኩል አይደሉም፤ ሰሜኑ ከደቡቡ በአንድ ክንድ ያጥራል። የጥንቶቹ ግንበኞች አለቱ ጋ ሲደርሱ ስላቆሙ ነው። ልጅ ሳለሁ እማ ቋጠሮውን የሳተች ይመስለኝ ነበር። ግንበኛ ስሆን ነው እሷ ትክክል እንደነበረች የገባኝ።

ፈትሉን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሃያ አራት ዓመት ከኔ ተለይቶ አያውቅም። አልጠፋም ነበር። ይቅር በይኝ።

አሁን ለምን እንደዋሸሁ ልንገርሽ። ካሳፎርማውን የፈታሁ ቀን፣ እናንተ ደወሉን ስትደውሉ እኔ ብቻዬን ውስጥ ነበርኩ። ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ የለውዝ ቅርፊት በጥርስ ሲሰበር የምትሰማው ዓይነት። ከደቡቡ ዓምድ ነው የመጣችው። ኖራው ተልጦ ፀጉር የምታህል መስመር ታየች። ግንበኛ ነኝና ምን እንደሆነች አወቅሁ። ውጭ ትዘፍኑ ነበር። ባልዲው ውስጥ ኖራ ተርፏል። ብሩሽ አነሳሁና ቀባሁባት። ከወር በኋላ መርከብ ተሳፈርኩ።

መንቀጥቀጡን በሬዲዮ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እማን አልነበረም። ዓምዱን ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ፍሮሶም ዛሬ ነው የሰማችው። ቤተ ክርስቲያኗ ከመውደቋ ከአምስት ደቂቃ በፊት እማ መብራቷን አብርታ እንደወጣች ስትጽፊልኝ ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሳሁም።

የጣልኳት እኔ ነኝ። ልኬቱን ለመሐንዲሱ ስጪው፤ እሷ ትቁም። እኔን ግን ለበዓሉ ና አትበይኝ። ይህንንም ለእማ እንዳታነቢላት።

ሊጎሪስ


አቴንስ፣ ሜይ 6 ቀን 1989

ወንድሜ ሊጎሪስ፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! መፈቀዱን በስልክ ሰምተሃል። የቀረውን ያልነገርኩህ እማ አጠገቤ ቆማ ገመዱን እየያዘች ስለነበር ነው። «እማ አወቀች ወይ?» ብለህ ሁለት ጊዜ ጠየቅኸኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አወራሁህ። ይቅርታህን። መልሱን አሁን ታገኘዋለህ፤ ከመጀመሪያው ግን ልጀምር፤ ካልጀመርኩ አልችልበትም።

ፈትሉ የደረሰው ፌብሩዋሪ ዘጠኝ ነው። ወይዘሮ ኤቫንቲያ ጠረጴዛውን ጠርጋ፣ እጇን ታጥባ፣ እኔንም አሳጥባ ዘረጋችው። አሁን መሐላዬ ስላበቃ ልንገርህ፦ እንግሊዙ ደቡቡን ሃያ አምስት ጫማ፣ ሰሜኑን ሃያ ሦስት ከግማሽ ነው ያለው። አባዛች፣ ደመረች፣ መነጽሯን አወለቀች። በእያንዳንዱ ግድግዳ ፈትሉ የሚያንሰው ሁለት ጣት ብቻ ነው። «ሰም ሃምሳ ዓመት ሲደርቅ ይሰበሰባል» አለችኝ። «አንድ ክንድ ያጠረው ሰሜን ግን እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። እንዲህ የተወላገደች ሌላ ቤተ ክርስቲያን የለችም።» እኔ ልቆጣ ነበር፤ ለካ ምስጋና ነው።

መሐንዲሱ መጥቶ ራሱ ለካ። ዝምተኛ ሰው ነው፣ ሳል እንኳ አይስልም። ሲጨርስ «ማነው የለካው?» አለኝ።

«እናቴ።»

«ሙያቸው ምንድን ነው?»

«ልጅ ታሞባት ነበር» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ። ማኅደሩ ላይ እንዲህ ይላል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፦ «ልኬት፣ ያኑላ ኩቩኒ፣ ሊታሪ፣ 1938።» ከእንግሊዙ ስም ቀጥሎ። ወይዘሮ ኤቫንቲያም አይጥ በበላው ጥግ ላይ በእርሳስ «ቅድስት ማሪና፣ ሊታሪ» ብላ ጽፋ «ያልታወቁ» ከሚለው መሳቢያ አወጣቻት።

ከዚያ ድፍረት አገኘሁና መሐንዲሱን ጠየቅሁት። አንተ ሳትልከኝ ነው፤ ቅር አይበልህ። «ሶሌታው ባይኖር ኖሮ ትቆም ነበር?» አልኩት። «ሶሌታው ከባድ ነበር። ዓምዱም ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። መንቀጥቀጡም ብርቱ ነበር። አንዱን ብቻ ጥፋተኛ ብለህ ፈርም ካልሽኝ አልፈርምም» አለኝ። ስለዚህ ንጹሕ ነህ አልልህም፤ ብልህም አታምነኝም። ብቻህን ግን አይደለህም።

ዓምዱ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር ያለውን ልብ በልልኝ። ቀዩ መስመር እሱ ነው። እንግሊዙ ከጎኑ የጻፈው ይህ ነው፦ «የደቡቡ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቄሱ በየዓመቱ በኖራ ይሸፍነዋል። ሌላ ሸክም የሚችል አይመስለኝም።» 1909፣ ሊጎሪስ! አባታችን እንኳ ገና ልጅ ነበር።

ለፋሲካ ሊታሪ ስወርድ የወረቀቱን ግልባጭ ይዤ ሄድኩ። ደብዳቤህን አላነበብኩላትም፤ ቃሌን ጠብቄአለሁ። ወረቀቱን ብቻ ከቆርቆሮ ቤቷ ደጃፍ ጉልበቷ ላይ ዘረጋሁላት። በሩን በጣቷ ነካች። ጣዎሷን አየች። «ጭንቅላት ነበራት ለካ» አለች። ከዚያ ጣቷ ቀዩ መስመር ላይ ደረሰና ቆመ። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

«ይቺን አውቃታለሁ» አለች።

ዝም አልኩ። እኔ! ዝም አልኩ።

«ባል አግብቼ ከመጣሁበት ዓመት ጀምሮ ለፋሲካ ኖራውን የምቀባው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ተመልሳ ትወጣለች። በየዓመቱ እቀባታለሁ። አማቴም ትቀባት ነበር። የቅድስቲቱን ገመና መሸፈን መስሎን።» ከዚያ እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ልጄ ሶሌታ ሊያፈስ ሲነሳ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ደስ ብሎት እየዘፈነ ነበር፤ ሊሄድብኝ ነበር። ዘጋሁት። አሁን የሚያስጨንቀው ይሄ ነው፣ አይደል? ለዚህ ነው የማይመጣው።»

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ማንም። ድሮ ለማሪና ቀን ይደውል ነበር። ከወደቀች ወዲህ አንድም ቀን በበዓሏ ደውሎ አያውቅም። ሦስት ማሪና ሊሆን ነው። ጻፊለት። እናትህ ታውቅ ነበር በይው። ሶሌታው ሳይወጣ ሠላሳ አራት ፋሲካ ሸፍኛታለሁ፣ እሱ አንድ ቀን ነው የሸፈነው በይው።»

አንተ ኖራ መቀባትህን እኔ አልነገርኳትም፤ በወንድምና እህትነታችን እምልልሃለሁ። እንዴት እንዳወቀች አልጠየቅኳትም። ምናልባት አንተ ከሄድህ በኋላ፣ ለቀጣዩ ፋሲካ ብሩሿን ይዛ ስትገባ የሌላ ሰው እጅ ቀድሟት አግኝታ ይሆናል።

ማታ እራት ላይ ኒኬታስ እንዳመሉ «ሾርባው ጨው...» ብሎ ሊጀምር ሲል አየኝና ተወው። ብዙ አለቀስኩ። እማ አላለቀሰችም። ጥጧን አውጥታ መፍተል ጀመረች። «ለማን ነው?» ብላት «አዲሷም ትታጠቅ እንጂ፣ ራቁቷን ልትቆም ነው?» አለችኝ። የድሮውን ፈትል ግን መሐንዲሱ ወስዶት ነበርና ሲመልስልኝ ለሷ ሰጠኋት። ለራሷ አልወሰደችም። «የሊጎሪስ ነው፤ እሱ መጥቶ ይቀበለኝ» ብላ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

አሁን የምልህን ልብ ብለህ አንብብ፤ የኔ ቃል አይደለም፣ የሷ ነው። ድንጋዮቹን ከገደሉ ማውጣት ተጀምሯል። የደቡቡ ዓምድ የታችኛው ድንጋይ ሳይሰበር ተገኝቷል። እማ አጠገቡ በርጩማ አስቀምጣ ትውላለች፤ ያለ አንተ ማንም እንዳይነካው ብላለች። ኮስታንዲስ ላግዝ ብሎ ቢመጣ «አንተ አሸዋ ተሸከም፤ ላላጊው እንደ ድሮው አለ» አለችው። ዓምዱ ሲቆምም ኖራ አይቀባም ብላለች። የሚሰነጠቅ ከሆነ እያየነው ይሰንጠቅ።

ጣሪያው በሸክላ ነው። ሶሌታ እንዳታስብ!

ለወይዘሮ ኤቫንቲያ ነግሬአታለሁ፤ ወረቀቷን ለማሳየት ራሷ ትመጣለች። መሐንዲሱም እመጣለሁ ብሏል፤ ይኸውም በአንድ ቃል። ኒኬታስ ከጡረታው ወደ መሪው ተመልሶ የመንደሩን ልጆች ሁሉ ከአቴንስ በአውቶቡስ ያመጣል። ፍሮሶ ሻንጣችሁን እንደጀመረች ጽፋልኛለች፤ እኔ ነኝ ያልኩህ እንዳትል። ቱንቢህን አትርሳ።

ጠዋት ቅዳሴ ሜዳው ላይ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ የመጀመሪያው ድንጋይ ይቀመጣል፤ ከዚያ አዲሱ ፈትል ዙሪያውን ይዞራል፣ ጫፉን እማ ትይዛለች፣ ሌላውን ጫፍ አንተ። ከዚያ ይበላል። ማንም እንዳይቀር፤ የጣላትም፣ የሸፈናትም፣ የለካትም፣ ሁላችሁም ሰኞ፣ ጁላይ 17፣ በቅድስት ማሪና ቀን፣ ሊታሪ።